በኤኤስኤል የአንጎል ምስሎች ላይ የቅነሳ ዘዴ ምርጫ የሚወስነው ነገር

ኤኤስኤል በሚል ምኅጻር የሚታወቀው አርቴሪያል ስፒን ሌብሊንግ የአንጎልን የደም ፍሰት በኤምአርአይ ማሽን የሚለካ ዘዴ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም ሆነ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አይፈልግም፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ውኃ ራሱን ምልክት አድርጎ ይጠቀማል። ስለ ዘዴው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በምልክት አደራረጉ፣ ከምልክቱ በኋላ ምስሉ እስኪነሳ ባለው የጥበቃ ጊዜ ርዝመት ወይም ፍሰቱን በቁጥር በሚያወጣው ቀመር ላይ ነው። በመካከል ያለው እርምጃ፣ ማለትም ኮንትሮል ከሚባለው ምስል ላይ ሌብል የሚባለውን መቀነስ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ስለሚይዝ በዝምታ ይታለፋል። እኔ ግን ያች መስመር ስለ ጊዜ የተሰጠ ግምት እንደያዘች ይሰማኛል፤ ሁለቱ ምስሎች በተነሱባቸው ቅጽበቶች መካከል ምን ተለውጦ ምን እንዳልተለወጠ የምንወስነው እዚያ ላይ ነውና። ይህን የምጽፈው የኤኤስኤል መረጃ በእጃቸው ለገባ፣ ከሦስት የቅነሳ አማራጮች አንዱን እንዲመርጡ በፕሮግራሙ ለተጠየቁና ምርጫው ምን እንደሚያመጣ ማወቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

መነሻውን ባጭሩ ላስቀምጥ። በ1992 ዶናልድ ዊሊያምስ፣ ጆን ዴትር፣ ጆን ሌይና አላን ኮሬትስኪ በአይጥ አንጎል ላይ እንዳሳዩት፣ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም አንገት ላይ ሲደርስ የውኃው ሃይድሮጂን መግነጢሳዊ አቅጣጫ ከተገለበጠ፣ ያ ደም ወደ አንጎል ሕብረ ሕዋስ ሲገባ የምስሉን ብሩህነት በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ይህ ሌብል የሚባለው ምስል ነው። ቀጥሎ ደሙ ሳይገለበጥ ተመሳሳይ ምስል ይነሳል፤ ይህኛው ኮንትሮል ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጥበቃው ጊዜ ውስጥ ወደዚያ ቦታ የደረሰውን ደም ይወክላል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት አሠራር በ2015 የታተመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች የጋራ ምክር ያስቀመጠው ነው፤ ፒሲኤኤስኤል በሚባለው የምልክት አደራረግ ዓይነት ለ1.8 ሰከንድ ያህል ምልክት ይደረጋል፣ ከ70 ዓመት በታች በሆነ ጤነኛ ሰው ላይ 1.8 ሰከንድ፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎችና በሕሙማን ላይ ደግሞ 2 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ከዚያም ምስሉ ይነሳል።

ችግሩ የልዩነቱ ትንሽነት ነው። የመግነጢስ ኃይሉ 3 ቴስላ በሆነ ማሽን ላይ የደሙ ምልክት የሚጠፋበት የጊዜ ልኬት 1.65 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ 1.8 ሰከንድ ተጠብቆ ምስሉ ሲነሳ ከምልክቱ የሚቀረው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ደም በአንጎል ውስጥ የሚይዘው ቦታ ጥቂት በመሆኑ ልዩነቱ ከጠቅላላው ብሩህነት አንድ በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። አንዲት እናት ነጠላዋን ለብሳ ሚዛን ላይ ወጥታ፣ ከዚያም ነጠላውን አውልቃ እንደገና ወጥታ፣ በሁለቱ ንባቦች ልዩነት የነጠላውን ክብደት ለማወቅ እንደ መሞከር ነው፤ በሁለቱ ምዘናዎች መካከል አንድ ብርጭቆ ውኃ ብትጠጣ የምናገኘው ቁጥር የነጠላው ክብደት መሆኑ ይቀራል። በኤኤስኤልም በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 4 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በእነዚያ ሰከንዶች ጭንቅላት ይንቀሳቀሳል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይወጣል ይገባል፣ የማሽኑ ክፍሎችም ይሞቃሉ። ለዚህም ነው ጥንዱ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው፤ 40 ጥንዶች በ4 ሰከንድ ልዩነት ቢነሱ 80 ምስሎች ይሆናሉ፣ ጊዜውም 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወስዳል።

አሁን ወደ ቅነሳው። ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ኮንትሮል ከአጠገቡ ካለው ሌብል ጋር አጣምሮ መቀነስ ነው፤ የጥንድ ቅነሳ ልበለው። ከ80 ምስሎች 40 ልዩነቶች ይገኛሉ፣ አማካያቸው ሲወሰድ የደም ፍሰቱ ካርታ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀር ነገር ቢኖር፣ የሚፈለገው ያ አንድ አማካይ ካርታ ብቻ ከሆነ የማጣመሩ ሥራ ምንም የሚጨምረው ነገር አለመኖሩ ነው። የ40 ልዩነቶች አማካይ ከ40 ኮንትሮሎች አማካይ ላይ የ40 ሌብሎች አማካይ ሲቀነስ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻው አሐዝ እኩል ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ሕግ ከዚህ ውጭ አይፈቅድም። ስለዚህ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው አማካይ የደም ፍሰት ለማወቅ ብቻ የተነሳ መረጃ ላይ ስለ ቅነሳ ዘዴ ረጅም ክርክር ሲነሳ ስሰማ፣ ጥያቄው ወደ ሌላ ቦታ፣ ማለትም ወደ ጭንቅላት እንቅስቃሴና ወደ ተበላሹ ምስሎች ቢዞር ይሻላል እላለሁ።

ሆኖም የጥንድ ቅነሳ አንድ ድብቅ ግምት አለው። በሌብሉና በኮንትሮሉ መካከል ባሉት 4 ሰከንዶች የሕብረ ሕዋሱ ብሩህነት አልተለወጠም ይላል። ይህ ግምት ሲፈርስ ምን እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይቀላል። በአንድ ቮክስል ላይ፣ ማለትም ምስሉ በተሠራባት በአንዲት ትንሽ ኩብ ላይ፣ የሕብረ ሕዋሱ ብሩህነት 1000 ይሁን፣ የደሙ ልዩነት 6 ይሁን፣ ብሩህነቱም በየምስሉ በ1 ከፍ እያለ ይንሸራተት። ሌብሉ መጀመሪያ ከተነሳ ተከታዮቹ ንባቦች 994፣ 1001፣ 996፣ 1003፣ 998፣ 1005 ይሆናሉ። የጥንድ ቅነሳ ከ1001 ላይ 994፣ ከ1003 ላይ 996 እያለ ሲሄድ መልሱ ሁልጊዜ 7 ነው። ብዙ ጥንድ ማንሳት አያድነውም፤ ስሕተቱ በሁሉም ጥንድ ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ አማካዩም 7 ሆኖ ይቀራል። ያው መረጃ ኮንትሮሉን ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ ካለው ሌብል ጋር አጣምሮ ቢቀነስ ደግሞ ከ1001 ላይ 996 ተቀንሶ 5 ይመጣል።

ይህ በደም ፍሰት መለኪያ ሲተረጎም ትንሽ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የጋራ ምክር የሚጠቀምበት ቀመር ልዩነቱን በቀጥታ ያባዛል እንጂ አያለዝብም። ለደምና ለሕብረ ሕዋስ የውኃ ክፍፍል 0.9፣ ለምልክት አደራረግ ብቃት 0.85፣ ለደም የመጥፊያ ጊዜ 1.65 ሰከንድ፣ ለምልክቱና ለጥበቃው እያንዳንዳቸው 1.8 ሰከንድ ካስገባን፣ ከ1000 ውስጥ 6 የሆነው ልዩነት በየ100 ግራም ሕብረ ሕዋስ በደቂቃ 52 ሚሊሊትር ገደማ ይሰጣል። 7 ሲሆን 60፣ 5 ሲሆን 43 ይሆናል። ለአዋቂ ሰው ግራጫ የአንጎል ክፍል ከ40 እስከ 100 ያለው ሁሉ እንደ ተለመደ ስለሚቆጠር ሦስቱም ቁጥሮች ጤነኛ መስለው ያልፋሉ፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የመረጥኩት መንሸራተት የተጋነነ ነው። በየምስሉ በ1 ከሄደ በ80 ምስሎች ውስጥ 8 በመቶ ይደርሳል፣ በደህና ማሽን ላይ እንዲህ አይሆንም። በጠቅላላው የምስል ጊዜ 1 በመቶ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ በአንድ እርምጃ የሚመጣው ለውጥ 0.125 ነው፤ ከ6 አንጻር 2 በመቶ ያህል ስሕተት ይሆናል፣ ይህም ከሌሎቹ የኤኤስኤል ጥርጣሬዎች አጠገብ ጎልቶ አይታይም። መንሸራተቱ የሚያስፈራኝ በአንጎል ጠርዝና በፈሳሽ በተሞሉት ክፍተቶች ዳርቻ ላይ ነው። ጭንቅላት ቀስ እያለ ወደ ትራሱ ሲሰምጥ፣ በጠርዝ ላይ ያለ ቮክስል ግማሹ ሕብረ ሕዋስ ግማሹ ፈሳሽ ስለሆነ ብሩህነቱ ከመካከለኛው ቮክስል በብዙ እጥፍ ይለወጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ይህን ለማረም የመጣ ነው። እያንዳንዱን ምስል ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ብቻ ከማነጻጸር ይልቅ ከፊቱና ከኋላው ካሉት የሁለቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ጋር ያነጻጽረዋል። በምሳሌያችን የ994 እና የ996 አማካይ 995 ነው፤ ከ1001 ላይ ሲቀነስ ትክክለኛው 6 ይመጣል። ወደ ፊት ስንቀንስ 5፣ ወደ ኋላ ስንቀንስ 7 ያገኘነው ስሕተት እርስ በርሱ ይጣፋል ማለት ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንሸራተት ምንም ያህል ቢፈጥን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መንሸራተቱ ቀስ ብሎ የሚጎብጥ ሲሆን በየልዩነቱ ላይ ትንሽ ትርፍ ይቀራል፤ ነገር ግን መካከል ላይ የቆመው ምስል ኮንትሮል ሲሆን ትርፉ በአንድ ምልክት፣ ሌብል ሲሆን በተቃራኒው ስለሚመጣ በአማካዩ ውስጥ ይሰረዛል። በመንሸራተት በኩል ከጥንድ ቅነሳ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም።

ዋጋ ግን ያስከፍላል፣ ዋጋውም በስታቲስቲክስ በኩል ነው የሚመጣው። በእያንዳንዱ ምስል ላይ ያለው ሁከት፣ ማለትም የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ቫሪያንሱ (የመበታተኑ መጠን) አንድ ነው ብንል፣ የጥንድ ልዩነት ቫሪያንስ 2 ሲሆን የጎረቤት አማካይ ልዩነት ቫሪያንስ 1.5 ነው። በዚያ ላይ ከ80 ምስሎች 40 ሳይሆን 78 ልዩነቶች ይወጣሉ። ይህን ያየ ሰው ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል፣ ነገር ግን አጎራባች ልዩነቶች በጋራ ምስሎች የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ስለ ሌላው ይናገራል። 78ቱን እርስ በርስ እንደማይገናኙ ቆጥሮ በተለመደው የስታቲስቲክስ ፈተና ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከመረጃው የበለጠ እርግጠኝነት ያገኛል፤ በ80 ምስሎች ውስጥ ያለው መረጃ ምንጊዜም የ80 ምስሎች መረጃ ነው። ይህን ስሕተት አጥብቄ የማነሳው ውጤቱ ሁልጊዜ ተመራማሪው ወደሚፈልገው አቅጣጫ ስለሚያደላ ነው።

ሦስተኛው የሲንክ ቅነሳ ነው። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ሌብልና ኮንትሮል በአንድ ቅጽበት ሊነሱ ስለማይችሉ፣ ኮንትሮሉ በተነሳበት ቅጽበት ሌብል ቢነሳ ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር በዙሪያው ካሉት ብዙ ሌብሎች ይሰላል፣ ከዚያም ሁለቱ እንደ እኩያ ይቀነሳሉ። ስሌቱ የሚከናወነው ሲንክ በሚባለው ማዕበል መሰል ፈንክሽን ነው፤ የቅርቦቹ ምስሎች ብዙ፣ የሩቆቹ ደግሞ እየቀነሰና ምልክቱን እየለዋወጠ የሚሄድ ክብደት ይሰጣቸዋል። ጄፍሪ አጊሬና ባልደረቦቹ በ2002 በታተመው ሥራቸው፣ የደም ፍሰት ምስሎችን ቦልድ ከሚባለው የተለመደ የአንጎል እንቅስቃሴ ምስል ጋር ሲያወዳድሩ ተጠቅመውበታል። በዚያው ሥራ ለኤኤስኤል ተጠቃሚ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ታይቷል፤ በቦልድ መረጃ ውስጥ ቀስ ያለው ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) በሁከት የተሞላ ሲሆን፣ ከቅነሳ በኋላ የሚገኘው የደም ፍሰት ተከታታይ ግን በሁሉም ድግግሞሽ ላይ እኩል የተበተነ ሁከት አለው ሊባል ይችላል። አንድ ሥራ ለብዙ ደቂቃ ተሠርቶ ለብዙ ደቂቃ ዕረፍት ሲወሰድ ቦልድ ለውጡን ከመንሸራተት መለየት ሲያቅተው ኤኤስኤል የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። ኤኤስኤልን የምወደው ከሁሉ በላይ በዚህ ባሕርዩ ነው፣ ባሕርዩ ደግሞ የተገኘው ከቅነሳው ነው።

ሦስቱ ዘዴዎች የተለያዩ ፈጠራዎች ይመስላሉ፤ በ2005 ቶማስ ሊዩና ኤሪክ ዎንግ ያሳተሙት የሲግናል ትንተና ሞዴል ግን ሦስቱንም የአንድ ሐሳብ ልጆች አድርጎ ያሳያቸዋል፣ እኔም ጉዳዩ የበራልኝ በዚህ አቀራረብ ነው። ተከታታይ ምስሎቹን ኮንትሮል ሲሆን በ1፣ ሌብል ሲሆን በ1 ኔጌቲቭ እናባዛቸው። ሌብልና ኮንትሮል እየተፈራረቁ ስለሚመጡ የደሙ ልዩነት በመጀመሪያው ተከታታይ ውስጥ ሊኖር በሚችለው ፈጣኑ ድግግሞሽ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ምስሎቹ በ4 ሰከንድ ልዩነት ከተነሱ ይህ በሰከንድ 0.125 ዑደት ነው። ከተባዛ በኋላ ደሙ ወደ ዜሮ ድግግሞሽ ይወርዳል፣ በፊት ዜሮ አጠገብ የነበሩት መንሸራተትና የቦልድ ለውጥ ደግሞ ቦታውን ተክተው ወደ ፈጣኑ ጫፍ ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ፈጣኑን ጥሎ ቀስ ያለውን የሚያስቀር ማጣሪያ ማበጀት ብቻ ነው። የጥንድ ቅነሳ አንድና አንድ የሚል ክብደት ያለው ማጣሪያ ነው፣ የጎረቤት አማካይ ቅነሳ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ የሚል፣ ሲንክ ደግሞ ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ማጣሪያ።

እንዲህ ሲታይ የትኛው መቼ እንደሚሻል በግምት ሳይሆን በስሌት ይታወቃል። አንድ ሰው በኤምአርአይ ውስጥ ሆኖ ለ30 ሰከንድ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ፣ ለ30 ሰከንድ ሲያርፍ ዑደቱ 60 ሰከንድ ነው። በ4 ሰከንድ የምስል ልዩነት የጥንድ ቅነሳ የዚህን ለውጥ መጠን 98 በመቶ፣ የጎረቤት አማካይ ቅነሳ 96 በመቶ ያሳልፋል፤ በሁለቱ መካከል መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ዑደቱ ወደ 16 ሰከንድ ሲያጥር ግን የጥንድ ቅነሳ 71 በመቶ፣ የጎረቤት አማካይ ደግሞ 50 በመቶ ብቻ ያሳልፋል። መንሸራተትን አጥብቆ የሚያጠፋው ማጣሪያ ፈጣኑን የደም ለውጥም አብሮ ያደበዝዛል ማለት ነው። ሲንክ በዚያ ክልል ውስጥ ብዙም ሳይቀንስ ስለሚያሳልፍ፣ ፈጥነው ለሚመጡና ለሚሄዱ ሥራዎች የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ሲንክን ለሁሉም ነገር የማልመርጠው የተበላሸ ምስል ሲመጣ በሚያደርገው ነገር ምክንያት ነው። በሽተኛው አንድ ጊዜ ሲያስል አንድ ምስል ተበላሸ እንበል። በጥንድ ቅነሳ አንድ ልዩነት ይበላሻል፣ ያ ጥንድ ተጥሎ ሌሎቹ 39 ሳይነኩ ይቀራሉ። በጎረቤት አማካይ ሦስት ልዩነቶች ይነካሉ፤ አንዴ እንደ መካከለኛ፣ ሁለቴ እንደ ጎረቤት ይገባልና። በሲንክ ብልሽቱ ማጣሪያው እስከሚደርስበት ርቀት ድረስ እየተወዛወዘ ይሰራጫል፣ በተከታታዩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይም ጎረቤት ስለሚጎድል ተመሳሳይ መወዛወዝ ይፈጠራል። ዝም ብሎ መተኛት የሚከብዳቸው ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን መረጃ ላይ፣ ንጹሕ መረጃን ታሳቢ ያደረገ የረቀቀ ዘዴ ከተራው ዘዴ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። በእንዲህ ዓይነት መረጃ ላይ የጥንድ ቅነሳን እመርጣለሁ፣ ትንሽ መንሸራተት ብሸከምም።

ስለ እንቅስቃሴ ከተነሳ፣ ከቅነሳ በፊት የሚደረገው ምስሎችን እርስ በርስ የማስተካከል ሥራ ለኤኤስኤል የተለየ ወጥመድ አለው። የማስተካከያው ፕሮግራም ሁሉም ምስሎች አንድ ዓይነት ብሩህነት ሊኖራቸው ይገባል ብሎ ስለሚያስብ፣ በሌብልና በኮንትሮል መካከል ያለውን ተፈጥሯዊ የብሩህነት ልዩነት ጭንቅላት እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በእንቅስቃሴው ግራፍ ላይ ከምስል ምስል ወደ ላይና ወደ ታች የሚል መጋዝ መሰል መስመር የሚታየው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ያን የሌለ እንቅስቃሴ ካረመ፣ ሌብሎቹን ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ኮንትሮሎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ወገን ገፍቷቸዋል ማለት ነው፣ ቅነሳውም ያን መገፋፋት ታማኝ የደም ፍሰት አድርጎ በአንጎል ጠርዝ ላይ ያወጣዋል። ኤኤስኤል-ቲቢኤክስ የተባለውን የመተንተኛ ፕሮግራም ያዘጋጀው ዜ ዋንግ በ2012 ይህን የመፈራረቅ ክፍል ከእንቅስቃሴው ግምት ውስጥ አውጥቶ ማስተካከልን አቅርቧል። በማንኛውም ፕሮግራም ብንሠራ ግራፉን በዓይን ማየት የደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ ከቅነሳ በፊት ሁልጊዜ የማየው ነገር ይህ ነው።

የቅደም ተከተሉን ጉዳይ ደግሞ ቀላል ስለሚመስል ብቻ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ማሽን ሌብልን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ኮንትሮልን። አንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ላይ ለመለኪያ የሚያገለግለውን ኤምዜሮ የሚባል ምስል ይይዛል፤ እሱን ሳያወጣ መቁጠር የጀመረ ሰው የሁሉንም ምልክት ገልብጧል፣ ካርታውም በሙሉ ኔጌቲቭ ይወጣል። ይህኛው ደግነቱ በዓይን ይታያል። የከፋው፣ ከመካከል አንድ የተበላሸ ምስል ብቻውን ሲወጣ የሚፈጠረው ነው። ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ሌብሉ ኮንትሮል፣ ኮንትሮሉ ሌብል ሆኖ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ግማሽ ኔጌቲቭ ሆኖ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋፋሉ፣ በመጨረሻ የሚታየው የደም ፍሰቱ በከፍተኛ ደረጃ የወረደበት አንጎል ነው። የተበላሸ ምስል ሲጣል ከጥንዱ ጋር መጣል አለበት። ቢድስ የተባለው የመረጃ አደረጃጀት ሥርዓት ለኤኤስኤል እያንዳንዱ ምስል ሌብል ይሁን ኮንትሮል ወይም ኤምዜሮ በተራ የሚዘረዝር ፋይል የሚጠይቀው ይህን ከግምት ለማውጣት ነው፣ ኤኤስኤልፕሬፕን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችም በዚያ ፋይል ላይ ተመሥርተው ይቀንሳሉ።

ከቅነሳ በኋላ በአንዳንድ ቮክስል ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይወጣል። የደም ፍሰት ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልምና ወደ ዜሮ ከፍ ማድረግ ተገቢ ይመስላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ፍሰቱ ዝቅተኛ በሆነበት ነጭ የአንጎል ክፍል ውስጥ ሁከቱ እውነተኛውን ቁጥር አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ታችኛውን ብቻ ቆርጠን ላይኛውን ከተውነው የአካባቢው አማካይ ሳይገባው ከፍ ይላል። ኔጌቲቩ ቁጥር እስከ መጨረሻው አማካይ ድረስ ባለበት መቆየት አለበት።

አሁን ባሉት አሠራሮች የሕብረ ሕዋሱን ብሩህነት በተጨማሪ የራዲዮ ምቶች አስቀድሞ ማፈን ተለምዷል፤ የ2015ቱም ምክር ይህንኑ ይጠይቃል። ከ1000 ይልቅ ከ100 ላይ 6ን መፈለግ ይቀላልና እንቅስቃሴም መንሸራተትም የሚያመጡት ስሕተት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የቅነሳ ዘዴው ምርጫም ክብደቱ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማፈኑ ከመጠን ካለፈ የሕብረ ሕዋሱ ሲግናል ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ የተለመደው ምስል ደግሞ የሚያስቀምጠው መጠኑን ብቻ እንጂ ምልክቱን አይደለም። 5 ኔጌቲቭ የነበረው 5 ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ቅነሳ የትኛውም ዘዴ ይሁን ትክክለኛ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለውን መረጃ ምልክቱ ሳይጠፋ፣ ምስሉ ወደ መጠን ከመቀየሩ በፊት መቀነስ ያስፈልጋል፣ ይህን ደግሞ ማድረግ የሚችለው ማሽኑ ራሱ ወይም ጥሬውን መረጃ የያዘ ሰው ነው።

ጥያቄው ስለ አንጎል እንቅስቃሴ ሲሆን፣ እኔ ወደማምንበት መንገድ ልምጣ፤ እሱም ፈጽሞ አለመቀነስ ነው። ጃኔት ማምፎርድና ባልደረቦቿ በ2006 እንዳሳዩት፣ ያልተቀነሱትን 80 ምስሎች ጄነራል ሊኒየር ሞዴል በሚባለው፣ የብዙ ምክንያቶችን ድርሻ በአንድ ጊዜ በሚለየው የስታቲስቲክስ ሞዴል ውስጥ በቀጥታ ማስገባት ይቻላል። አንድ ዓምድ የሕብረ ሕዋሱን መሠረታዊ ብሩህነት ይይዛል፣ ሁለተኛው ለኮንትሮል ግማሽ ለሌብል ግማሽ ኔጌቲቭ እያለ እየተፈራረቀ መሠረታዊውን የደም ፍሰት ይይዛል፣ ሦስተኛው ሥራው ሲጀመርና ሲቆም የሚመጣውን የቦልድ ለውጥ ይይዛል፣ አራተኛው የሥራውና የመፈራረቁ ብዜት ሆኖ በሥራው ምክንያት የተለወጠውን የደም ፍሰት ይይዛል። መንሸራተቱ የራሱ ዓምድ ይሰጠዋል፣ የሁከቱም የጊዜ ትስስር በግልጽ ይገመታል። በቅነሳ ውስጥ ተደብቀው የነበሩት ግምቶች ሁሉ በዓምድ መልክ ተጽፈው ስለሚታዩ አንባቢ ሊመረምራቸው ይችላል፣ የሁከቱ ትስስር በትክክል ከተያዘም የሥራውን ውጤት የመለየት አቅሙ ከተቀነሰ መረጃ ይበልጣል። ለአንድ አማካይ የዕረፍት ካርታ ግን ይህን ሁሉ ማቆም አያስፈልግም፤ የጥንድ ቅነሳ፣ በጥንቃቄ ከተመረመረ የምስል ተከታታይ ጋር፣ በቂ ነው።

የቅነሳ ጥያቄ በአዳዲሶቹ አሠራሮች ውስጥ መልኩን ለውጦ ይመለሳል። ሃዳማርድ በሚባለው የምልክት አደራረግ ረጅሙ ምልክት በ7 ቁርጥራጮች ተከፍሎ በ8 ምስሎች ውስጥ በተለያየ ቅንብር እየተገለበጠና ሳይገለበጥ ይላካል፤ ከዚያ 8ቱን ምስሎች በመደመርና በመቀነስ ለ7 የተለያዩ የጥበቃ ጊዜያት 7 የደም ፍሰት ምስሎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ምስል በሰባቱም ውጤቶች ውስጥ በመደመር ወይም በመቀነስ ስለሚገባ ከሁከት አንጻር ትርፉ ከፍ ያለ ነው። በዚያው ምክንያት ከስምንቱ አንዱ ላይ ጭንቅላቱ ቢንቀሳቀስ ሰባቱም ይበላሻሉ፣ ተለይቶ የሚጣል ጥንድም የለም፤ የምስሎቹ ምርመራ መደመርና መቀነሱ ከመጀመሩ በፊት፣ በእያንዳንዱ ጥሬ ምስል ላይ መደረግ አለበት፣ ከስምንቱ አንዱ ከተበላሸም ቡድኑ በሙሉ ይወጣል።